በገጠርና በከተማ መካከል፤ ኑሯችን፣ መሬታችንና መንገዳችን

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።



ይህ ጽሑፍ ከዙሁር ሶላት በኋላ በመስጂዳችን ግቢ ያደረግሁት ንግግር ነው። ኮሚቴው ለመታሰቢያ መጽሔቱ እንዲሆን ጽፈህ ስጠን ባለኝ ጊዜ ንግግሩን እንዳለ ልገለብጠው አስቤ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዕለት ሳልናገር ያለፍሁት አንድ ነገር ስለነበር እሱን ጨምሬበታለሁ። ያም የራሴ ጥፋት ነው። በሕዝብ ፊት ለመናገር አፍሬ የተውኩትን በወረቀት ላይ ማስፈር ይገባኛል ብያለሁ።

ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን የማያውቅ የለም። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ ገፈርሳ ግድብ አጠገብ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። መኪና ተሳፍሮ የሚያልፍ ሁሉ ያያቸዋል። ከአስፋልቱ ወጥቶ አንድ ሰዓት በእግር ተጉዞ የሚደረስባቸውን መንደሮች ግን ብዙ ሰው አያውቃቸውም። ከተማ እንዳይባሉ እርሻና በረት አላቸው፤ ገጠር እንዳይባሉ በቆርቆሮ የታጠረ ቦታና የደላላ ስልክ ሞልቷቸዋል። ዛሬ የማወራችሁ ከእነዚህ ስለ አንዷ ነው። ባለጉዳዮቹ በሕይወት ስላሉ ስሟን አልጽፍም። በሰበታ በኩል ናት ብላችሁ ብትገምቱ ግን አልቃወማችሁም። የቡራዩና የሱሉልታ አንባቢ ደግሞ የእኛ ሰፈር ናት ቢል እሱም አልተሳሳተም።

ወደዚያች መንደር መጀመሪያ የሄድኩት በ1992 ዓ.ም. ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር። በመድረሳ የቀራሁ ስለሆንኩ የመንደሩ ሽማግሌዎች ልጆቻችንን ቁርኣን አስቀራልን ብለው ወሰዱኝ። ያን ጊዜ ቤቶቿ ሃያ አይሞሉም ነበር። ነዋሪዎቹ የኦሮሞ ገበሬዎች ናቸው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ ይዘራሉ፤ ላም ያልባሉ፤ በአጥራቸው ዙሪያ ባሕር ዛፍ ይተክላሉ። ሙስሊሙ ጥቂት ነበር፤ ጎረቤቱ ክርስቲያን ነው። እድሩ አንድ፣ ምንጩ አንድ፣ ግጦሹም አንድ ነው። ከሁለቱ ወገን ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍሩት ወጣቶች የተቀላቀሉ ነበሩ። ሙስሊሙ ለራሱ የሚያርደውን ለየብቻ ያርዳል፤ ለቅሶው ግን የጋራ ነው።

መንገዱን ማውራት ከተጀመረ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። መረሬ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን የሄደበት ያውቀዋል፤ ጫማ በእጅ፣ ሱሪ እስከ ጉልበት ይደረጋል። ወተቱ በማለዳ በሴቶች ጀርባና በአህያ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። ኩበት፣ ጭድና ድርቆሽም እንዲሁ። ስኳር፣ ጋዝና ሳሙና በዚያው አህያ ይመለሳል። ታማሚ በቃሬዛ በአራት ሰው ትከሻ ይወጣል፤ አራቱም ጭቃው ላይ እንዳይወድቁ ሌሎች አራት አጠገባቸው ይሄዳሉ። ኋላ ጋሪ መጣ፤ ከጋሪው ቀጥሎ ባጃጅ መጣ። ባጃጁም በበጋ እስከ ወንዙ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያው እግር ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲሱ የጂቡቲ ባቡር ሲመረቅ የሐዲዱ መነሻ ሰበታ ነበር። ያን ዕለት አንድ ሽማግሌ ‹‹ከሰበታ ባሕር ድረስ መንገድ ተሠራ፤ ከእኔ ቤት ሰበታ ድረስ ግን ገና ነው›› ሲሉ ሰምቻለሁ። ለመቀለድ አልነበረም፤ ምጥ የያዛት ምራታቸው በቃሬዛ ላይ ሆና ነበር።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ሰው መምጣት ጀመረ። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የከበደው፣ ከስልጤ፣ ከጉራጌ፣ ከወሎና ከጅማ መጥቶ በመርካቶና በየገበያው የሚሠራ፣ ቤተሰቡን የሚያሳርፍበት ጎጆ የሚፈልግ ሰው ነው። በዓለም ገና በኩል የቡታጅራ መንገድ ስለሚገናኝ የዚያ አገር ሰው ሰበታን ድሮም ያውቃታል። እነዚህ ሰዎች መጥፎ ሰዎች አይደሉም፤ ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ናችሁ። መንደሯን ያስፋፉ፣ መስጂዷን በሶላት ሰዓት የሞሉ እነሱ ናቸው። መብራት ከጎረቤት ቆጣሪ እየቀጠሉ፣ ውኃ በጀሪካን እየገዙ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥተው ታክሲ ለመያዝ በጨለማ እየተጓዙ ኖሩ። ችግሩ የመጣው መሬቱ ከእጅ ወደ እጅ በሄደበት መንገድ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። በንጉሡ ዘመን አብዛኛው ሙስሊም ርስት አልነበረውም፤ ሥራው ንግድ፣ ሽመና፣ ወይም በሰው መሬት ላይ ማረስ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው የሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ ካነሣቸው አሥራ ሦስት ጥያቄዎች መካከል የመሬት ባለቤትነት አንዱ ነበር። ከሙስሊሙ ጎን ክርስቲያን ወንድሞችም ተሰልፈዋል። በዓመቱ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆኑ። ጭሰኛ የነበረው ሁሉ፣ ሙስሊሙም ጭምር፣ የሚያርሰው መሬት አገኘ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፤ በላዩ የሠራው ቤትና የተከለው ዛፍ የራሱ ነው፤ አፈሩ ግን የሚሸጥ ዕቃ አይደለም።

እንግዲህ ሕጉ ይህ ከሆነ በየሰፈራችን የተደረገው ምንድን ነው? ገበሬው ከተማው እየሰፋ ሲመጣበት ያያል። ነገ በካሣ ይወሰድብኛል ብሎ ይሰጋል። በ1997 ዓ.ም. በወጣው የካሣ አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ የሚከፈለው የአምስት ዓመት አማካይ የዓመት ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። ያ ገንዘብ ለልጅ ልጅ ይተላለፍ የነበረን ማሳ እንደማይተካ ማንም ያውቃል። በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ምክንያት የተነሣውን ተቃውሞና የጠፋውን የሰው ሕይወት አንረሳውም፤ ዕቅዱም በ2008 ዓ.ም. ጥር ወር ቀርቷል። ስጋቱ ግን በገበሬው ልብ ውስጥ ቀረ። ስለዚህ ደላላ ሲመጣ ሸጠ። ገዢውም የከተማውን ኪራይ ሸሽቶ ገዛ። ሽያጭ ክልክል ስለሆነ ወረቀቱ ‹‹ብድር ወሰድኩ››፣ ‹‹ስጦታ ሰጠሁ›› ተብሎ ተጻፈ። ያልተበደረ ሰው ተበደርኩ ብሎ ፈረመ፤ ያልሰጠ ሰጠሁ አለ፤ ሦስት ምስክር ደግሞ አይተናል አለ። ሕጉን ለጊዜው እንተወውና፣ አምስቱም ሰዎች በአንዲት ወረቀት ላይ በአላህ ፊት ዋሽተዋል። ዋሽቶ የተጻፈ ወረቀት ደግሞ ከባለቤቱ ጋር አይቆምም። ሻጩ ሲክድ ‹‹ብድሬን ልመልስ፣ ቦታዬን መልስ›› ይላል፤ ወረቀቱም የሚመሰክረው ለእሱ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

በዚያች መንደር መስጂድ አልነበረም። ልጆቹን የማስቀራው በአንድ ገበሬ በረት ጥግ ነበር። ይህ ገበሬ ደግ ሰው ነበር፤ አላህ ይማረው። አንድ ዓርብ ከሶላት በኋላ ተነሣና ‹‹ከማሳዬ በመንገዱ በኩል ያለውን ለመስጂድ ሰጥቻለሁ፤ ለአላህ ብዬ ወቅፍ አድርጌዋለሁ፤ ከኋላው ያለው የምንጩ መንገድም ለሁሉም ክፍት ይሁን›› አለ። አልቅሰን ዱዓ አደረግን። ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ወደ እኔ ዞረው ‹‹ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ይህን ቃል ጻፈውና እናስፈርም›› አሉ። ከመካከላችን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። እስክሪብቶም ኪሴ ውስጥ ነበር። እኔ ግን ‹‹አባቴ፣ ለአላህ ብሎ ለሰጠ ሰው ወረቀት ምን ያደርጋል? ቃሉ ይበቃል፤ ብንጽፍ ያላመንነው ይመስለዋል›› አልኩ። ሁሉም ወደደው። የተቀደሰ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ወቅፍ በቃል እንደሚጸና አውቃለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። ነገር ግን ቃሉን የሰሙት ሰዎች ሲሞቱ ቃሉ ከማን አፍ ይወጣል? በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ጀነት ወይም ስለ ጀሀነም አይደለም፤ በአል-በቀራ ሱራ 282ኛው አንቀጽ ሲሆን የሚናገረውም ዕዳን ስለ መጻፍ፣ ስለ ጸሐፊና ስለ ምስክር ነው። ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ጻፍ ሲባል እምቢ እንዳይል በዚያው ታዟል። ይህን አንቀጽ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ያን ዓርብ ግን እምቢ ያልኩት ጸሐፊ እኔው ነበርኩ።

ሰውየው በ2002 ዓ.ም. ሞተ። ወላጆቹ ከእሱ በፊት ሞተዋል። ሚስቱን፣ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ትቶ አለፈ። ለሰደቃ በሬ ታረደ፤ ሕዝብ በላ፤ ስለ ውርስ የተናገረ ግን የለም። ወንዶቹ መሬቱን ለሁለት ተካፈሉት። ሴቶቹ ልጆች አግብተው ወጥተዋል ተብለው ተተዉ። እናታቸው ከታናሹ ልጅ ቤት ገባች።

አንድ ቀን እኚህ እናት በመስጂዱ በር አገኙኝና ‹‹ሸኽ፣ የእኔ የት ነው?›› ብለው ጠየቁኝ። ‹‹እናቴ፣ ከልጆችዎ ጋር ነዎት፤ ምን ይጎድልብዎታል?›› አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው። ሒሳቡ እኮ የሕፃን ሒሳብ ነበር። ሟች ልጆች ካሉት ሚስት ከስምንት አንድ እጅ አላት። የቀረው ሰባት እጅ ለወንድ ሁለት ለሴት አንድ ሆኖ ይከፈላል። ሁለት ወንዶች አራት፣ ሦስት ሴቶች ሦስት፤ በድምሩ ሰባት። ማሳው ስምንት እኩል ቦታ ቢከፈል አንዱ የእናት፣ ሦስቱ የሴቶች ልጆች፣ አራቱ የወንዶቹ ነበር። ለስድስት ሰው ለማካፈል ጣት ይበቃል። አንድም ሰው ግን አልቆጠረውም፤ እኔም አልቆጠርኩም።

ወንዶቹ ከዚያ በኋላ በደላላ መሸጥ ጀመሩ። ከመስጂዱ አጥር ኋላ ያለችውንም ቦታ ሸጧት። ገዢው በማግስቱ በቆርቆሮ አጠራት፤ የምንጩም መንገድ ተዘጋ። አባትየው ክፍት ይሁን ያለው መንገድ እሱ ነበር። ገዢው ደግሞ መንገድ መኖሩን የሚገልጽ ወረቀት አሳዩኝ አለ። ወረቀት ከየት ይምጣ?

በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ወር እኚያ እናት ሞቱ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር። ጀናዛቸውን ተሸክመን ለሶላት ወደ መስጂዱ ስንሄድ ድሮ በምንሄድበት በምንጩ መንገድ ላይ ቆርቆሮው ቆሞ ጠበቀን። ባላቸው ለመስጂድ በሰጡት መሬት፣ ክፍት ይሁን ባሉት መንገድ፣ የሚስታቸው ጀናዛ ማለፍ አልቻለም። በታረሰ መረሬ ላይ ዞርን። ተሸካሚዎቹ እስከ ጉልበታቸው ሰመጡ። ሁለት ጊዜ ጀናዛውን መሬት ላይ ልናሳርፍ ግድ ሆነብን። ከፊት በስተቀኝ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የሚያለቅሰው ሰው ስለ ሞታቸው የሚያለቅስ ይመስለው ነበር፤ እኔ ግን ያለቀስኩት ‹‹የእኔ የት ነው?›› ያሉኝ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ስለመጣ ነው።

ከቀብር በኋላ ከሴቶቹ ልጆች ታላቂቱ ተነሥታ ‹‹አባታችን ለመስጂዱ የሰጠው ሐላል ነው፤ እኔ አልነካውም። ግን ስለ እኛ ሐቅ የተናገረ አንድ ሸኽ የለም?›› አለች። መልስ የሰጠ አልነበረም።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አንዳንዶቹ ‹‹መስጂዱ ተሠርቷል፤ የተሠራውን ማን ያፈርሰዋል? ዝም ብንል ይሻላል›› አሉ። ያን ጊዜ የመዲናን ታሪክ አነሣሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ገብተው መስጂድ ሊሠሩበት የመረጡት ቦታ የሁለት የቲም ልጆች ነበር። ልጆቹ በነፃ እንሰጣለን አሉ፤ እሳቸው ግን ዋጋውን ሳይከፍሉ አልወሰዱትም። ለመስጂድ ነው ተብሎ የየቲም ሐቅ የሚታለፍ ቢሆን ኖሮ ለእሳቸው መስጂድ በታለፈ ነበር። የሌላውን መሬት በግፍ አንዲት ስንዝር እንኳ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ከሰባት ምድር እንደሚጠመጠምበትም ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ አለ። ያ ሐዲስ ሲነገር ሁላችንም ጎረቤታችንን እናስብ ነበር። ያን ዕለት ሁሉም ራሱን አሰበ።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። በመጨረሻም አምስቱም ልጆች፣ ሴቶቹም ጭምር፣ በተገኙበት የአባታቸው ስጦታ ተጻፈ፤ ሁሉም ፈረሙ፤ ምስክሮችም ፈረሙ። ወንዶቹ ያልሸጡትን መሬት ለሴቶቹ ድርሻ ለቀቁ። የሸጡትን ግን መመለስ አልተቻለም፤ ገንዘቡ ተበልቷል። ስለዚህ ከከብቶቻቸው ከፈሉ፤ የጎደለውን ሴቶቹ ይቅር አሉ። የእናትየዋ አንድ እጅ በሕይወት ሳሉ ያልደረሳቸው ሆኖ ለልጆቻቸው ተላለፈ። ይህን የሚክስ ሒሳብ የለም።

መንገዱስ? ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲከራከሩ ሰባት ክንድ እንዲሆን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወስነዋል። አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ያህል ስለሆነ ሰባት ክንድ ሦስት ሜትር ተኩል ግድም ይመጣል። በዚህ ላይ ጀናዛ ያልፋል፤ የተጫነ አህያ ያልፋል፤ አምቡላንስም ያልፋል። ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በፊት የተወሰነው ስፋት ለዛሬው መኪና በቂ መሆኑን ስለካው ገርሞኛል። ገዢውም ሲያስረዱት እምቢ አላለም። ‹‹እኔም የምቀበረው እዚሁ ነው›› ብሎ አጥሩን ሰባት ክንድ መለሰ። ለቆርቆሮውና ለእንጨቱ ወጪ ከጁምዓ በኋላ አዋጥተን ሰጠነው። በማዋጣቱ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ነበሩበት፤ ምንጩ የእነሱም ነውና።

ይህን ስነግራችሁ ነገሩ ሁሉ አልቆ ተደላድሏል እያልኩ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎቹ የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። ብዙ ቤት ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ፈረሰ። መስጂዶችም ፈረሱ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር በአንዋር መስጂድ በተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፋ። አላህ ለሞቱት ይዘንላቸው። ይህን የማነሣው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። እኛ በቤተሰብ መካከል የተፈራረምነው ወረቀት በመንግሥት መዝገብ የይዞታ ማረጋገጫ አይሆንም፤ እሱን በሚመለከተው መሥሪያ ቤት በትዕግሥትና በሕግ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የመንደሯም መስጂድ እየጠየቀ ነው። ነገር ግን መጠየቅ የሚችለው በእጁ ንጹሕ ወረቀት ያለው፣ ከጎኑ የተበደለ ወራሽ የሌለው ሰው ነው። የእኛ ሐቅ እንዲከበር ስንጮህ ከአጥራችን ውስጥ የእህታችን ሐቅ ታስሮ ከሆነ ዱዓችን እንዴት ይወጣል?

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አራት ነገር አደራ እልሃለሁ፤ እህቴም ብትሆኚ ለአንቺም ጭምር ነው።

አንደኛ፣ ጻፍ። የምትጽፈውም እውነቱን ይሁን። ሽያጩን ብድር፣ ኪራዩን ስጦታ አትበል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። በቁጥር 1727 ደግሞ በጽሑፍ የሚደረግ ውል በሁለት ምስክሮች ፊት ይሁን ይላል። ቁርኣንም በዚያ ረጅም አንቀጽ ሁለት ምስክር ያዛል። የዲኑም የአገሩም ሕግ አንድ ነገር ሲያዝዙህ በደላላ ቤት በሌሊት መፈራረም ምን አመጣው? ሕጉ የከለከለውን መሬት ደግሞ በምንም ወረቀት ሐላል አታደርገውም። በሊዝ፣ በኪራይ፣ ወይም በተሠራ ቤት በሚፈቀደው መንገድ ብቻ ፈልግ። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት የከተማ ቦታ በሊዝ ሥርዓት የሚያዝ ሆኗል፤ ገንዘብህን ከማፍሰስህ በፊት መሥሪያ ቤቱ ሄደህ የቦታውን መዝገብ ጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ወቅፍ የሚሰጥ ሰው ሲነሣ ከማልቀሳችን በፊት ወረቀት እናምጣ። ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኘውን መሬት ወቅፍ ሲያደርግ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) አማክሮ፣ እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስ፣ በስጦታ እንዳይተላለፍ፣ ጥቅሙም ለእነማን እንደሚውል ለይቶ ነው። ሚስትየዋ በይዞታ ደብተሩ ላይ ስሟ ካለ እሷም ትጠየቅ፤ ባል የሚሰጠው የራሱን እንጂ የእሷን አይደለም። በሞት አልጋ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከሲሶ በላይ መናዘዝ እንደማይችል አስታውሱት።

ሦስተኛ፣ ሰው ሲሞት የሰደቃውን በሬ ከመሳባችሁ በፊት ሒሳቡን አስቀድሙ። የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ዕዳ፣ ቀጥሎ ኑዛዜ፣ ከዚያ ውርስ። በሬው ከየቲሞቹ ገንዘብ የሚታረድ ከሆነ የምንበላው የእነሱን ሐቅ ነው። የአገሪቱ ሕግ ለወንድና ለሴት ልጅ እኩል ይሰጣል። በሸሪዓ እንካፈል የሚሉም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በባለጉዳዮቹ ፈቃድ ይፈቅድላቸዋል። በሁለቱም ብትሄዱ ግን ሴት ልጅን ባዶ እጇን የሚሰድ ሕግ የለም። ‹‹አግብታ ወጥታለች›› የሚል አንቀጽ በቁርኣንም በፍትሐ ብሔርም ውስጥ አልተጻፈም። ከዚህ በኋላ አንዲት እናት ‹‹የእኔ የት ነው?›› ብላ ብትጠይቅህ ሳትቆጥር መልስ አትስጥ።

አራተኛ፣ መንገድን አትዝጋ። አጥርህን ስትተክል ክንድህን ዘርግተህ ለካ። ከመንገድ ላይ እንቅፋትን ማንሣት ከኢማን ክፍሎች አንዱ ከሆነ መንገዱን ራሱን መዝጋት ምን እንደሆነ አንተው ፍረድ። በክረምት ድንጋይ የምታነጥፍ ከሆነ ከበርህ አልፈህ እስከ ጎረቤትህ በር አንጥፍ። ሌሊት በባጃጅ የምትጓዝ ከሆነ ምጥ የያዛትን፣ የታመመውን፣ ሃይማኖቱ ምን ይሁን ሳትል ጫን። ከከተማ የመጣህ ከሆንክ ቦታውን የሸጠልህን ገበሬ ‹‹ሸጦ ጨረሰ›› ብለህ አትናቀው፤ የቆምክበት መሬት ልጆቹ የሚበሉበት ማሳ ነበር። ገበሬው ወንድሜም የመጣውን ሰው ‹‹መጤ›› አትበለው፤ ጀናዛህን የሚሸከሙት አራት ሰዎች ከእሱ ልጆች መካከል ሊሆኑ ይችላሉ።

ባለፈው ዓመት በክረምት ወደዚያች መንደር ሄጄ ነበር። ጭቃው ያው ነው፤ ባጃጁም ከወንዙ አላለፈም። የምንጩ መንገድ ግን ክፍት ነው። ሁለት ሴቶች ውኃ ቀድተው በእሱ ሲመለሱ አየሁ፤ አንዷ ከሦስቱ እህቶች ታናሺቱ ነች። ድርሻዋ ላይ ሽምብራ ዘርታለች። ‹‹ሸኽ፣ የእናቴን መንገድ እየሄድክበት ነው›› አለችኝ። ምን እንደምመልስላት ጠፋኝና ዱዓ አደረግሁላት።

አላህ (ሱ.ወ) ያን መሬት ለሰጠው አባትና ድርሻቸውን ሳያዩ ለሞቱት እናት ይማርልን። በጻፍነውና ባልጻፍነው፣ በተናገርነውና ዝም ባልነው ላይ ምሕረት ያድርግልን። ቤቶቻችንን ከሐራም፣ መንገዶቻችንን ከእንቅፋት፣ መስጂዶቻችንን ከጉዳት ይጠብቅልን። አገራችንን ሰላም ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።